ለጀልባችሁ ቻርት ፕሎተር ስትገዙ፦ መጀመሪያ ካርታው፣ ከዚያ ማሽኑ

ጀልባ ከገዛሁ ወዲህ አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ ብሎኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ስንጠጣ ይመጣል። አሌክሳንድሪያ ሠርግ ላይ ይመጣል። ማታ በቴሌግራምም ይመጣል። «ስማ፣ የትኛውን ቻርት ፕሎተር ልግዛ?» ከጥያቄው ጋር የሁለት ማሽኖች ፎቶ አይጠፋም፤ አንዱ ባለ 7 ኢንች፣ ሌላው ባለ 9።

እኔም ሁልጊዜ በጥያቄ ነው የምመልሰው። «የት ልትሄድበት ነው?» ብዙ ሰው ማሽኑን መርጦ ከጨረሰ በኋላ ነው ስለ ካርታው የሚያስበው። መሆን ያለበት ግን በተቃራኒው ነው። ስለዚህ ሁሉንም አንዴ ጻፍኩት።

ለጀማሪ ቃሉን ላብራራ። ቻርት ፕሎተር ጂፒኤስና የባሕር ካርታ በአንድ ስክሪን ላይ የተገናኙበት መሣሪያ ነው። ጂፒኤሱ «እዚህ ነህ» ይላል። እዚያ ቦታ ምን እንዳለ የሚነግራችሁ ግን ካርታው ነው፤ ጥልቀቱን፣ ደለሉን (ውኃው የሚሳሳበትን የአሸዋና የጭቃ ክምር)፣ የሰጠመውን መርከብ፣ የድልድዩን ከፍታ። የምጠቅሳቸው ቦታዎች አብዛኞቹ አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ባሉት በቼሳፒክ ቤይ (ባሕረ ሰላጤ) እና በፖቶማክ ወንዝ ላይ ናቸው፤ የእኔ ባለ 21 ጫማ ያገለገለች ጀልባ ያለችው እዚያ ነው። ሌላ ውኃ ላይ ያላችሁም በዚሁ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የጀልባችሁ ሦስት ልኮች፦ ሞተሩ ወርዶ ከውኃው በታች ያለው ጥልቀቷ፣ ከውኃው በላይ እስከ አንቴናው ጫፍ ያላት ከፍታ፣ እና የጎን ስፋቷ
- መለኪያ ሜትር፣ ካርቶንና መቀስ
- ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ ካርታዎችን በነጻ ለማየት
- ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽራችሁ፤ ሱቅ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ
- የባትሪያችሁ አቅም በአምፔር-ሰዓት
- ራሳችሁ የምትገጥሙ ከሆነ፦ ቆርቆሮ የተለበጠ የመዳብ ሽቦ፣ ማኑዋሉ የሚያዘው ፊውዝ፣ ለጀልባ የተሠራ ማሸጊያ ሙጫ

1. የምትሄዱበትን ውኃ በስሙ ጻፉ

«ባሕር» ብላችሁ አትለፉት። ከናሽናል ሃርበር ተነስታችሁ አሌክሳንድሪያ ድረስ ነው? ከአናፖሊስ ቤዩን አቋርጣችሁ ሴንት ማይክልስ ነው? ወይስ ከኦሽን ሲቲ ወጥታችሁ አትላንቲክ ላይ ዓሣ ልታሳድዱ? ማታ ትነዳላችሁ? ጉም ሲወርድ ውኃ ላይ ልትቆዩ ትችላላችሁ?

ይሄ የሚያስፈልገው ሦስቱ ጉዞዎች ሦስት የተለያየ ዕቃ ስለሚጠይቁ ነው። ለመጀመሪያው ትንሽ ማሽን ይበቃል። የመጨረሻው ራዳር እስከ መጨመር ሊያስኬድ ይችላል። ይሄን ሳይጽፍ ሱቅ የገባ ሰው ሻጩ የመረጠለትን ይዞ ይወጣል።

2. ካርታዎቹን በምታውቁት ውኃ ላይ አወዳድሩ

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይቀላል።

በአሜሪካ ውኃ ላይ የሁሉም መሠረት የመንግሥቱ ካርታ ነው። ኖኣ የሚባለው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር የኤሌክትሮኒክ ካርታዎቹን በነጻ ይለቃል፤ በየሳምንቱም ያድሳል። የድሮዎቹን የወረቀት ካርታዎች ግን እ.ኤ.አ. 2025 እስኪገባ ድረስ አንድ በአንድ ሰርዟቸዋል። የቀድሞው ባለቤት መሳቢያ ውስጥ የተወላችሁ ወረቀት ለግድግዳ ጌጥ ያምራል፤ ለጉዞ አይሆንም።

የንግዶቹ ካርታዎች ናቪዮኒክስ፣ ሲማፕና መሰሎቻቸው ናቸው። የመንግሥቱን መረጃ ይወስዱና የራሳቸውን ይጨምሩበታል። የማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) መረጃ፣ የሳተላይት ፎቶ፣ ጠጋ ጠጋ ያሉ የጥልቀት መስመሮች ይኖራቸዋል። ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው መስመሮቹ ወርቅ ናቸው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁሉም መስመር በቀያሽ መርከብ የተለካ አይደለም። አንዳንዱ አንድ ተራ ባለጀልባ ሲያልፍ ሶናሩ፣ ማለትም ጥልቀቱን በድምፅ የሚለካው መሣሪያው፣ የመዘገበው ነው። አንዳንዱ በሁለት የተለኩ ነጥቦች መካከል ኮምፒውተር ያሰመረው ነው። መስመሩ ስለበዛ ካርታው የበለጠ ትክክል ነው ማለት አይደለም።

እንዲህ አድርጉ። በደንብ የምታውቋቸውን ሦስት ቦታዎች ምረጡ፤ የማሪናችሁን መግቢያ፣ የምትገቡበትን ጠባብ ወንዝ፣ አንድ የታወቀ ደለል። ለእኔ ደለሉ ከአናፖሊስ በስተደቡብ ያለው ቶማስ ፖይንት ነው፤ ቤት የሚመስለው የመርከብ መምሪያ መብራት የቆመበት። ከዚያ የኖኣን ካርታና የሻጮቹን ካርታ በየድረ ገጻቸው ክፈቱና ጎን ለጎን እዩ። መብራቱና ተንሳፋፊ ምልክቶቹ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ናቸው? ጥልቀቱ ይስማማል? የምታውቁት የእንጨት መትከያ አለ?

አንድ ደረጃ ጠልቃችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ ኦፕን ሲፒኤን የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ኮምፒውተራችሁ ላይ ጫኑና የኖኣን ካርታ አስገቡበት። የመረጃውን ጥራት የሚያሳየውን አማራጭ አብሩ። ኤ1 የሚል የጥራት ደረጃ የተሰጠው አካባቢ ላይ የቦታ ስሕተቱ 5 ሜትር አካባቢ ነው። ቢ ላይ 50 ሜትር ይደርሳል። ሲ ላይ 500 ሜትር! ሲ በተባለ ውኃ ላይ ማሽናችሁ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ድንጋዩ ካርታው ካሳየው ቦታ ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊገኝ ይችላል። ጂፒኤሳችሁ በጥቂት ሜትር ልክ መሆኑ ይሄን አያስተካክለውም።

እዚህ ላይ ለምን ድርቅ እንደምል ልንገራችሁ። የቼሳፒክ አማካይ ጥልቀት 21 ጫማ፣ ማለትም ስድስት ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ከመተላለፊያው ትንሽ ፈቀቅ ካላችሁ ጭቃ ነው።

3. ማሽኑ የመረጣችሁትን ካርታ ያነብ እንደሆነ አረጋግጡ

ካርታና ማሽን እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ናቸው። ማሽን አምራቹ ጋርሚን እ.ኤ.አ. በ2017 ናቪዮኒክስን ገዝቷል። ሲማፕ ደግሞ ከሎራንስ፣ ከሲምራድና ከቢ ኤንድ ጂ ማሽኖች ጋር በአንድ ባለቤት ሥር ነው። ሬይማሪን ላይትሃውስ የሚባል የራሱ ካርታ አለው። ሀሚንበርድ ኮስትማስተርና ሌክማስተር አለው። ለጋርሚን ማሽን የተዘጋጀ የናቪዮኒክስ ካርድ (ካርታው የተጫነበት ሚሞሪ ካርድ) ሌላ ማሽን ላይ አይሠራም፤ ስሙ አንድ መሆኑ አያሳስታችሁ። የማሽኑን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ይዛችሁ የካርታው አምራች ዝርዝር ውስጥ ፈልጉ።

የመጀመሪያውን ማሽኔን ስገዛ ሻጩ «ካርታ አለው» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ካርታ ነበረው። የሐይቅ ካርታ! ማሪናው ደርሼ ስከፍተው ቼሳፒክ ምንም ቁጥር የሌለበት ሰማያዊ ምንጣፍ ሆኖ ታየኝ። አንዳንድ ማሽኖች በሁለት ዓይነት ይሸጣሉ፤ አንዱ የአገር ውስጥ ሐይቆች ካርታ ያለው፣ አንዱ የባሕር ዳርቻ ካርታ ያለው። ሳጥኑ ላይ የትኛው እንደተጻፈ አንብቡ።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን እነዚህን ጠይቁት፦

- ካርታው የትኛውን አካባቢ ነው የሚሸፍነው? የባሕር ዳርቻውን ነው ወይስ ሐይቆችን?
- እድሳቱ ለስንት ጊዜ ነው? ከዚያ በኋላ ዓመታዊ ክፍያው ስንት ነው?
- ክፍያ ሳቆም ካርታው ይቀራል ወይስ ይዘጋል?
- ካርዱ ያገለገለ ከሆነ የእድሳት መብቱ ወደ እኔ ይዞራል?

በጀታችሁን ማሽኑን፣ ካርዱንና የሦስት ዓመት እድሳቱን ደምራችሁ አስሉ። ርካሽ የመሰለው ማሽን ሲደመር ርካሽ ላይሆን ይችላል።

4. የስክሪኑን መጠን በካርቶን ለኩ

የስክሪን ኢንች ከጥግ ወደ ጥግ ነው የሚለካው። ባለ 9 ኢንቹ ከነማቀፊያው ከምታስቡት በላይ ቦታ ይይዛል። የማሽኑን ሙሉ ስፋትና ከፍታ ከድረ ገጹ ወስዳችሁ ካርቶን ቁረጡ። መሪው ፊት ለፊት አስቀምጡት። ቆማችሁ እዩት፤ ተቀምጣችሁም እዩት። መሪው ይጋርደዋል? ኮምፓሱን ይሸፍናል? ከኋላው ለገመድ የሚሆን ክፍት ቦታ አለ?

ካርታና ሶናር ጎን ለጎን ከፍታችሁ የምትሠሩ ከሆነ 7 ኢንች ይጠብባል። ካርታ ብቻ ከሆነ 7 ለትንሽ ጀልባ በቂ ነው። ባለ 5 ኢንቹን ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው አልመክርም፤ መነጽር ፍለጋ ላይ ሳላችሁ ድልድዩ ይደርሳል።

5. ስክሪኑን በፀሐይ ፈትኑት

ሱቅ ውስጥ ሁሉም ስክሪን ያምራል። ሐምሌ ላይ በቀትር ፀሐይ ነው ልዩነቱ የሚታየው። የብርሃን መጠኑ ኒት በሚባል መለኪያ ይጻፋል፤ 1000 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ፈልጉ። ፖላራይዝድ መነጽራችሁን አድርጉና ራሳችሁን ወደ ግራና ቀኝ ዘንበል አድርጉ። አንዳንድ ስክሪን ድርግም ብሎ ይጠቁራል።

ንክኪ ብቻ ነው ወይስ ቁልፍም አለው? ጀልባዋ ስትዘል ጣታችሁ የፈለገው ቦታ ላይ አያርፍም። እጃችሁ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ንክኪው ይለግማል። ቢያንስ ለዙም ቁልፍ ያለውን እመርጣለሁ። የውኃ መከላከያው አይፒኤክስ7 ከሆነ 1 ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው። ከዚህ አትውረዱ።

6. ከምን ጋር እንደሚገናኝ ወስኑ

ሶናር ትፈልጋላችሁ። ካርታው ትናንት የነበረውን ይነግራችኋል፤ ሶናሩ አሁን ከሥራችሁ ያለውን። ትራንስዱሰሩ፣ ማለትም ውኃው ውስጥ የሚገባው ክፍል፣ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይሸጥ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ዋጋው የሚለያየው በእሱ ነው።

ቪኤችኤፍ የሚባለው የጀልባ መገናኛ ሬዲዮ ካላችሁ ከፕሎተሩ ጋር አገናኙት። ቀዩን የአደጋ ቁልፍ ስትጫኑ ሬዲዮው ያላችሁበትን ቦታ አብሮ የሚልከው ጂፒኤስ ሲያገኝ፣ ባለ ዘጠኝ አሃዝ መለያ ቁጥሩም ሲሞላ ነው። ብዙ ጀልባ ላይ ሬዲዮውና ፕሎተሩ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተዋወቁም።

ለግንኙነቱ ኤንኤምኢኤ 2000 የሚባለው መስመር ያለውን ማሽን ምረጡ። አንድ ዋና ገመድ አለ፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ መዝጊያ፣ ማለትም ተርሚኔተር ይደረጋል። ከዋናው ወደ እያንዳንዱ ዕቃ የሚወርደው ገመድ ከ6 ሜትር አይበልጥም። አንዱ መዝጊያ ቢጎድል ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ይጠፋል፤ ጥፋቱን ስትፈልጉ ቅዳሜያችሁ ያልቃል።

ራዳር ወደፊት ካሰባችሁ ማሽኑ የራዳር መግቢያ እንዳለው አሁኑኑ እዩ። በኋላ አይጨመርም።

7. ኤሌክትሪኩን በትክክል ሳቡ

ባለ 7 ኢንች ማሽን ብዙውን ጊዜ 1 አምፔር አካባቢ ይጠጣል። 8 ሰዓት ከቆያችሁ 8 አምፔር-ሰዓት ሄደ። ትክክለኛው ቁጥር ማኑዋሉ ላይ አለ።

ሞተሩን ከሚያስነሳው ባትሪ ላይ አትሳቡት፤ ሁለተኛ ባትሪ ካላችሁ ከዚያ ውሰዱ። ሞተር ሲነሳ ቮልቴጁ ይወርድና ፕሎተሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ይሄ የሚሆነው መልሕቅ ነቅላችሁ ጅረቱ ወደ ድልድይ ምሰሶ ሲገፋችሁ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ፊውዙ ወደ ባትሪው ቀረብ ይበል፤ መጠኑም ማኑዋሉ ካለው አይብለጥ። ፊውዝ የሌለው ሽቦ ቢላጥ ጀልባ ያቃጥላል። ትራንስዱሰሩን ስትገጥሙ ከውኃው መስመር በታች የበሳችሁትን ቀዳዳ ሁሉ በጀልባ ማሸጊያ ሙሉ። ፕሎተሩን ከኮምፓሱ አርቁ፤ ርቀቱ ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል። አለዚያ ኮምፓሱ ይዋሻችኋል።

8. ከመውጣታችሁ በፊት ቅንብሩን ሙሉ

መጀመሪያ የጀልባችሁን ጥልቀት፣ ከፍታና ስፋት አስገቡ። ማሽኑ መንገድ ሲያወጣላችሁ የሚያሰላው በእነሱ ነው። ባዶ ከተዋችሁት የሌላ ሰው ጀልባ እየነዳችሁ ነው።

ቀጥሎ የጥልቀት መለኪያውን ጫማ ወይም ሜትር አድርጉና እንዳታደበላልቁ ጓደኞቻችሁንም አስለምዱ። «ሦስት ነው» ሲባል ሦስት ምን?

ከዚያ የአደገኛ ጥልቀት ቀለሙን አስተካክሉ። የእኔን ሂሳብ ላሳያችሁ። ጀልባዬ ሞተሯ ወርዶ 2 ጫማ ተኩል ትጠልቃለች። በአሜሪካ ካርታ ላይ ያለው ጥልቀት የየዕለቱ ዝቅተኛው ውኃ አማካይ ነው። አማካይ ስለሆነ ውኃው ከዚያም ሊወርድ ይችላል። አናፖሊስ ላይ ሙላቱና ጉድለቱ 1 ጫማ ያህል ብቻ ነው፤ ግን ከሰሜን ምዕራብ ኃይለኛ ነፋስ ሲነፍስ ውኃውን ከቤዩ ገፍቶ ያስወጣዋል። ለዚያ 2 ጫማ ጨመርኩ። ለካርታው ስሕተትና ለማዕበል 1 ጫማ ተኩል። ድምሩ 6 ጫማ። ከ6 ጫማ በታች ያለው ሁሉ ስክሪኔ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ማንቂያውም እዚያው ላይ ይጮኻል።

9. ካርታውን አድሱ

ባልቲሞር የነበረው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 2024 በመርከብ ተመትቶ ወደቀ። ከዚያ በፊት የተጫነ ካርታ ድልድዩን ዛሬም ቆሞ ነው የሚያሳያችሁ። ይሄ ሁሉም የሰማው ነው። ዜና የማይሆኑት ብዙ ናቸው፦ የተነቀለ ምልክት፣ የተዛወረ መተላለፊያ፣ ከማዕበል በኋላ የተቆለለ አሸዋ። ቢያንስ ወቅቱ ሲጀመር አንዴ፣ መሐል ላይ አንዴ አድሱ። ቤት ውስጥ በዋይፋይ አድርጉት፤ ማሪና ላይ በስልክ ዳታ ስትጀምሩ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

10. መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዙም እለፉት

ማሽኑ መንገድ ሲያወጣላችሁ ቀጥታ አትከተሉት። ስክሪኑን አቅርባችሁ መስመሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው በጣታችሁ ሂዱበት፤ ግራና ቀኙንም እዩ። ካርታው ስታርቁት ስክሪኑ እንዳይጨናነቅ ብሎ ዝርዝሩን ይደብቃል። የሚደበቀው ደግሞ አንዳንዴ ደለሉ ራሱ ነው።

ይሄ የጀማሪ ስሕተት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 2014 ዓለምን በሚዞር የመርከብ ውድድር ላይ ቬስታስ ዊንድ የተባለችው ጀልባ ከሞሪሽየስ በስተሰሜን ምሥራቅ ካለው ካርጋዶስ ካራሆስ የኮራል ክምር ላይ በሌሊት ወጣች። መርከበኞቹ ዓለም ያወቃቸው ባለሙያዎች ነበሩ። ያዩት ካርታ በራቀ ዙም አካባቢውን ጥልቅ ውኃ አስመስሎ ያሳይ ነበር። ቢያቀርቡት ኮራሉ ይታይ ነበር። ደግነቱ ዘጠኙም ተርፈዋል።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ከመጠን በላይ ስታቀርቡት ማሽኑ ያለውን መረጃ ብቻ ይለጥጠዋል። ባዶ የሚመስለው ቦታ ያልተለካ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ማሽኖች እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ፤ ጽሑፉን አትዝጉት።

11. መጠባበቂያ ያዙ

ስልክ ወይም ታብሌት ላይ ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱ፤ ቤዩ መሐል ሲግናል ይጠፋል። ዋይፋይ ብቻ ያለው አይፓድ ጂፒኤስ የለውም፤ ብዙ ሰው ይሄን የሚያውቀው ውኃ ላይ ነው። ታብሌት ደግሞ ፀሐይ ላይ ይግልና ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ ከኖኣ ድረ ገጽ የራሳችሁን አካባቢ ካርታ በፒዲኤፍ በነጻ አውጡ፣ አትሙት፣ ፕላስቲክ ውስጥ ክተቱት። ያስቀመጣችኋቸውን ነጥቦችም ወደ ካርድ ገልብጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳታቸው

- ዓይንን ስክሪን ላይ መትከል። የሸርጣን ወጥመድ ተንሳፋፊ ገመድ ካርታ ላይ የለም። ከከባድ ዝናብ በኋላ ከሳስኩዌሃና ወንዝ የሚወርድ ግንድም የለም። አንድ ሰው ፊት ለፊት ይይ።
- የሶናሩን ጥልቀት አለማስተካከል። ቁጥሩ ከትራንስዱሰሩ በታች ነው? ከውኃው ገጽ ነው? ከሞተሩ ጫፍ ነው? በረጅም ዱላ ለክታችሁ አስተካክሉት።
- ጀልባ ቆማ ሳለ የስክሪኑን ቀስት ማመን። ጂፒኤስ የምትሄዱበትን አቅጣጫ እንጂ አፍንጫዋ ወዴት እንደዞረ አያውቅም። ለዚያ የተለየ ዳሳሽ አለ፤ ራዳርን ካርታ ላይ ለመደረብም ያስፈልጋል።
- የሱቁን ማሳያ ማመን። ዴሞ ላይ የምታዩት ለማሳያ የተመረጠ ውኃ ነው። የራሳችሁን ወንዝ ክፈቱልኝ በሏቸው።
- የመጀመሪያውን ጉዞ በጨለማ ማድረግ። የምታውቁትን መንገድ በቀን፣ በጠራ ሰማይ፣ ማሽኑን እያያችሁ ሁለት ሦስቴ ሂዱ። ስክሪኑ የሚለውና ዓይናችሁ የሚያየው የት ላይ እንደሚለያዩ ያኔ ታውቃላችሁ። የእኔ ማሪና መግቢያ ላይ ቀዩ ምልክት ካርታው ካለው ወደ ግራ ፈቀቅ ብሎ ነው የቆመው፤ ማታ ስገባ የማምነው ቀዩን ምልክት ነው።